ሕጉ ቀረ፣ በጀቱ ግን አልቀረም፦ የኬንያ የ2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ

ለምን ይህን ጉዳይ?

በጁን 2024 የኬንያ ፓርላማ አንድ የግብር ሕግ አጸደቀ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም አሉ። ሕጉ ቀረ። በአካባቢያችን አንድ መንግሥት በሕዝብ ግፊት የራሱን የግብር ሕግ እንዲህ በአንድ ቀን ሲያነሳ ብዙ አላየንም። ለዚህ ግን የሰው ሕይወት ተከፍሏል።

ስለ ሰልፉ ብዙ ተብሏል። ጭሱም፣ የተቃጠለው የፓርላማ ክፍልም በየስልካችን ገብቷል። እኔ እዚህ መጻፍ የፈለግኩት ስለ ገንዘቡ ነው። ወጣቶቹ ያነሱት ሁለት ጥያቄ ነበር። አንዱ "ግብር አትጨምሩብን" የሚል ነው። ሌላው "የሰጠናችሁን ምን አደረጋችሁት? ቅድሚያ የምትሰጡትስ ለማን ነው?" የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ አገኘ። ሁለተኛው በእንጥልጥል ቀርቷል። ለምን እንዲህ እንደሆነ መመርመር ለማንም አገር ግብር ከፋይ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የሰዎችን ስም ትቻለሁ። ባለሥልጣናትን በሥልጣናቸው ጠርቻለሁ።

ዳራው፦ "ገንዘብ የለም" ሲባል የከረመ ሕዝብ

ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር 2022 ሥልጣን ሲይዙ የመጡት የድሃው ወገን ነኝ ብለው ነው። ቅስቀሳቸው "ሃስለር" በሚለው ቃል ዙሪያ ነበር፤ ላቡን አንጠፍጥፎ የሚያድር ሰው ማለት ነው። ጉሊት አትክልት የምትሸጠው "ማማ ምቦጋ" እና ሞተር ነድቶ የሚያድረው የቦዳ ቦዳ ልጅ የቅስቀሳው ፊት ነበሩ። ኢኮኖሚው ከታች ወደ ላይ ይገነባል ተባለ።

የተረከቡት ካዝና ግን በዕዳ የተያዘ ነበር። ኬንያ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ለመንገድ፣ ለባቡርና ለሌላም ብዙ ተበድራለች። ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚሄደውና በ2017 ሥራ የጀመረው ባቡር የተሠራው በአብዛኛው በቻይና ብድር ነው። በ2014 ከዓለም ገበያ የተወሰደ የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድም መክፈያው ጁን 2024 ነበር። መንግሥት አብዛኛውን ቀድሞ ለመክፈል በፌብሩዋሪ 2024 ሌላ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ወለዱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ጠቅላላ ዕዳው ከ10 ትሪሊዮን ሽልንግ አልፏል። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በኋላ በቴሌቪዥን እንደተናገሩት፣ በግብር ከሚሰበሰበው ከየ100 ሽልንጉ 61ዱ የሚሄደው ለዕዳ ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ)ም በ2021 በጀመረው የብድር ፕሮግራም ገቢያችሁን አሳድጉ እያለ ይጎተጉት ነበር።

ሕዝቡ ይህን ያውቃል። በኤፕሪል 2021 ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች "ለኬንያ መንግሥት ማበደር አቁሙ" የሚል አቤቱታ በኢንተርኔት ፈርመው ለአይኤምኤፍ አቅርበዋል። ዜጋ አበዳሪን "ለመንግሥቴ ገንዘብ አትስጥ" ብሎ ሲለምን፣ ገንዘቡ ቦታው አይደርስም የሚለው ጥርጣሬ ምን ያህል እንደጠለቀ ያሳያል።

በ2023 የወጣው የፋይናንስ ሕግ በነዳጅ ላይ ያለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ አሳደገ። ከሠራተኛ ደመወዝም 1.5 በመቶ ለቤቶች ግንባታ እንዲቆረጥ ወሰነ። አሠሪው ያንኑ ያህል ይጨምራል። ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሰልፍ ጠሩ። ሰዎች ሞቱ። ሕጉ ግን ጸና። የፓርቲ ሰልፍ ስለነበር ብዙው ሰው የምርጫ ቂም አድርጎ አየው።

ከዚያ የ2024 የመጀመሪያ ወራት መጡ። እኔ እንደማየው የጁን ቁጣ የተጠነሰሰው እዚህ ነው። በማርች ሐኪሞች ሥራ አቆሙ። ዋናው ጉዳይ የተለማማጅ ሐኪሞች ክፍያ ነበር። በ2017 በተፈረመ ስምምነት ወርሃዊ ክፍያው ወደ 206 ሺህ ሽልንግ ነው። መንግሥት ከ70 ሺህ በላይ አልችልም አለ። አድማው 56 ቀን ቆየ። በሜይ ደግሞ በጊዜያዊ ቅጥር የሚያስተምሩ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቋሚ ካላደረጋችሁን አሉ። ወርሃዊ ክፍያቸው 20 ሺህ ሽልንግ ገደማ ነበር። በዚሁ ወቅት ከባድ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ለገበሬ በድጎማ የተሸጠ ማዳበሪያም ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ሜይ ፕሬዚዳንቱ ለመንግሥታዊ ጉብኝት ወደ አሜሪካ ሄዱ። የሄዱት በተከራዩት የቅንጦት ጄት ነው። ወሬው አገሩን አዳረሰ። እሳቸው ያስወጣን ከ10 ሚሊዮን ሽልንግ በታች ነው ብለው አስተባበሉ። ጉዳቱ ግን ደርሶ ነበር። ለሐኪሙ የሌለ ገንዘብ ለጄቱ ከየት መጣ? በዚህ መሀል ነው የግብር ረቂቁ የቀረበው።

ችግሩ፦ ረቂቁና የቀረበበት መንገድ

ረቂቁ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ተጨማሪ ገቢ ለማምጣት የታሰበ ነው። በውስጡ ብዙ ነገር ነበር። ዳቦ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። የምግብ ዘይት ላይ 25 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ። መኪና ያለው ሰው በየዓመቱ የመኪናውን ዋጋ 2.5 በመቶ ይክፈል የሚል። ለአካባቢ ጥበቃ በሚል ደግሞ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ በዳይፐርና በሞዴስ ላይ ጭምር የሚጣል ክፍያ። በሞባይል ገንዘብ መላኪያ ላይ ያለው ኤክሳይስም ከ15 ወደ 20 በመቶ ይደግ የሚል።

ይህን የመጨረሻውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። በኬንያ ኤም-ፔሳ ማለት ኪስ ነው። የቤት ኪራይ፣ የማታቱ (የሚኒባስ ታክሲ) ታሪፍ፣ ለእናት የሚላክ ብር ሁሉ በሱ ያልፋል። እሱን መንካት እያንዳንዱን ቤት መንካት ነው።

አንድ ሌላ አንቀጽ ብዙ ሰው ሳያየው ሊያልፍ ነበር። የገቢዎች ባለሥልጣኑ ግብር ለመሰብሰብ ሲል ከመረጃ ጥበቃ ሕጉ ነፃ እንዲሆን የሚፈቅድ ነው። በኋላ እመለስበታለሁ።

ከይዘቱ እኩል የአካሄዱ ነገርም ነበር። የ2010 ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተሳትፎን ከአገሪቱ እሴቶች መካከል በአንቀጽ 10 ያስቀምጣል። አንቀጽ 118 ፓርላማው ሕዝብን እንዲያሳትፍ ያዛል። አንቀጽ 201 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ ግልጽነት፣ ተጠያቂነትና የሕዝብ ተሳትፎ መኖር አለበት ይላል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ብዙ አይገኝም። የፓርላማው የፋይናንስ ኮሚቴም አስተያየት አምጡ ብሎ ጠርቷል፣ ሰዎችም ጽፈዋል፣ ተናግረዋል። የ2023ቱን ያየ ሰው ግን ተናግሬ ምን ሊመጣ ብሎ ነበር። ሐሳብ ይሰበሰባል፣ ሕጉ እንዳለ ያልፋል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የጊዜ ሰሌዳው ነው። የኬንያ በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። መንግሥት በመጪው ዓመት ቅድሚያ የሚሰጠውን ጉዳይ የሚገልጽ ሰነድ ለፓርላማ የሚያቀርበው እስከ ፌብሩዋሪ 15 ነው። ዝርዝር የወጪ ዕቅዱን የሚያቀርበው እስከ ኤፕሪል 30 ነው። የግብር ረቂቁ የሚጸድቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጁን ውስጥ። ስለዚህ ሕዝቡ ዳቦዬን አትንኩ ብሎ በሚጮህበት ሰዓት፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል በአብዛኛው ከታቀደ ወራት አልፎታል። ጩኸቱ ሁሉ የሂሳቡ ገቢ ላይ አረፈ። ወጪው በር ተዘግቶበት ነበር።

ምን ተደረገ?

መጀመሪያ የተደረገው ነገር ማንበብ ነው። ይህ ቀላል አይምሰላችሁ። የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ለሕግ ባለሙያ እንኳ አድካሚ ነው። "በአንቀጽ ይህ ያለው ቃል ተሰርዞ በዚህ ይተካ" የሚል መስመር ገጽ ሙሉ ነው። ወጣቶቹ አንቀጽ በአንቀጽ ፈቱት። ቲክቶክ ላይ በስዋሂሊ፣ የከተማ ወጣቶች በሚናገሩት ቅይጥ ቋንቋ በሼንግና በየብሔረሰቡ ቋንቋ አስረዱ። በምልክት ቋንቋ ያስረዱም ነበሩ። አንድ ባለሙያ ስለ ረቂቁ ለሚጠይቀው ሰው የሚመልስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ሠራ። ጉሊት የተቀመጠች እናት ዘይት ላይ ስንት እንደሚጨመር በራሷ ቋንቋ ሰማች። ክርክሩ ከባለሙያ እጅ ወጣ።

ቀጥሎ የፓርላማ አባላት ስልክ ቁጥር ተሰራጨ። በሺዎች የሚቆጠር መልእክት ጎረፈላቸው። የመረጥኩህ እኔ ነኝ፣ በዚህ ቀን ምን ብለህ እንደምትመርጥ እያየሁ ነው የሚል ነው ብዙው። ፕሬዚዳንቱም ቀድሞ በወጣላቸው "ዛካዮ" በሚል ቅጽል ተጠሩ። የቀራጮች አለቃ የነበረው ዘኬዎስ ነው፤ ከዛፉ ውረድ ተባሉ።

ጁን 18፣ ማክሰኞ፣ ሰልፉ ናይሮቢ ውስጥ ተጀመረ። መሪ የለውም፣ ፓርቲ የለውም፣ ጎሳ የለውም ተባለ። ብዙዎቹ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው፣ ብዙዎችንም አሰረ። በዚያው ቀን ገዢው ጥምረት ከፊል ማፈግፈግ አደረገ። የዳቦው ታክስ፣ የመኪናው ክፍያ፣ የምግብ ዘይቱ፣ የኤም-ፔሳው ጭማሪ ይቀር ተባለ። ኢኮ ሌቪ የተባለው የአካባቢ ክፍያም አገር ውስጥ ለሚመረት ዕቃ ተነሳ።

መንግሥት በዚህ ነገሩ ይበርዳል ብሎ የገመተ ይመስለኛል። ግምቱ ተሳስቷል። ሰልፈኛው ጥቂት አንቀጾች ሲቀሩለት አልተመለሰም። ረቂቁ በሙሉ ይነሳ አለ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ከዳቦ ዋጋ አልፎ ወደ መተማመን ተሻግሯል።

ጁን 20 ፓርላማው በሁለተኛው ንባብ 204 ለ115 አሳለፈው። በብዙ ከተሞች ሰልፍ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ አንድ የ29 ዓመት ወጣት በጥይት ተገደለ። ጁን 25 ሦስተኛው ንባብ 195 ለ106 አለፈ። ሰልፈኞች አጥሩን ጥሰው ፓርላማ ገቡ። የሕንፃው የተወሰነ ክፍል ተቃጠለ። ፖሊስ በጥይት ተኮሰ። ኢንተርኔት ተዳከመ። ማታ ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው ድርጊቱን የአገር ክህደት አሉት፣ ሠራዊትም ተሰማራ። በማግስቱ ጁን 26 እንደገና ቀረቡ። ሕዝቡን ሰምቻለሁ፣ አልፈርምም አሉ።

ነገሩ እዚያ አልቆመም። ጁላይ 5 የቁጠባ እርምጃ ታወጀ። 47 የመንግሥት ድርጅቶች ይፈርሳሉ፣ የአማካሪዎች ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፣ የቀዳማዊት እመቤት ጽሕፈት ቤት በጀት ይቀራል ተባለ። በዚያው ቀን ፕሬዚዳንቱ በኤክስ (በቀድሞው ትዊተር) ላይ ከወጣቶች ጋር በቀጥታ በድምፅ ተወያዩ። ወጣቶቹ ፊት ለፊት ሞገቷቸው። ጁላይ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ካቢኔውን በሙሉ አሰናበቱ። በማግስቱ የፖሊስ አዛዡ ሥልጣን ለቀቀ።

ምን ሠራ?

አንደኛ፣ ማንበቡ ሠራ። ሌላው ሁሉ የተሠራው በዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የመንግሥት ሰዎች መጀመሪያ ላይ የሐሰት ወሬ ነው ሲሉ፣ ወጣቱ አንቀጹን ቁጥሩን ጠቅሶ ይመልስ ነበር። ተቆጥቶ የመጣን ሰው አላዋቂ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሰነዱን ይዞ የመጣን ግን መልስ መስጠት ግድ ነው።

ሁለተኛ፣ ጎሳ አለመጥራታቸው ሠራ። የኬንያ ፖለቲካ ለአሠርት ዓመታት በጎሳ ስሌት ነው የኖረው። "የእኛ ሰው ሥልጣን ላይ ነው" የሚለው ቃል ብዙ ጥያቄ አፍኗል። በዚህ ጊዜ ግን ከፕሬዚዳንቱ የትውልድ አካባቢ ጭምር ሰልፍ ወጣ። በዚያው አካባቢ ባለችው በኤልዶሬት ከተማ አደባባይ የወጣውን ወጣት የጠላት ጎሳ ነው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ እርስ በርስ መረዳዳቱ ሠራ። ለቆሰሉ ሕክምናና ለሟች ቤተሰብ በኤም-ፔሳ ሚሊዮኖች ሽልንግ ተዋጣ። ሐኪሞች በበጎ ፈቃድ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጡ። ጠበቆች የታሰሩትን ለማስፈታት ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ ዞሩ። እነዚያው ለሁለት ወር ገንዘብ የለም የተባሉት ሐኪሞች ናቸው። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

የቤተ ክርስቲያን ጉዳይም አለ። በኬንያ ፖለቲከኛ እሁድ እሁድ "ሃራምቤ" በሚሉት መዋጮ ላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ወጣቶቹ ደመወዙ ይታወቃል፣ ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብለው ጠየቁ። በጁላይ ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ኃላፊዎች በሃራምቤ እንዳይሳተፉ አገዱ። በኖቬምበር የናይሮቢው የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ፕሬዚዳንቱ ለአንድ ደብር የሰጡት ገንዘብ እንዲመለስ አደረጉ። ከግብር ሕጉ መነሳት ይልቅ ይህ የሚበልጥ ለውጥ ይመስለኛል። ስለ ቅድሚያ አሰጣጥ የተነሳው ክርክር ሰው ቤት ገባ፣ መቅደስም ደረሰ።

ምን አልሠራም?

በጀቱ አልተነካም፣ ወይም በሚገባው መንገድ አልተነካም። ሕጉ በቀረበት በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንቱ የወጪ ሕጉን ፈረሙ። መንግሥት ሥራ እንዳያቆም ነው ተባለ፣ ቅነሳውም በተጨማሪ በጀት ይምጣ ተባለ። ከዚያ የ346 ቢሊዮኑ ጉድለት ለሁለት ተከፈለ። 177 ቢሊዮኑ ከወጪ ይቀነሳል፣ 169 ቢሊዮኑ በብድር ይሸፈናል። ልብ በሉ፣ "ዕዳ በቃን" ብሎ የወጣ ሕዝብ ያገኘው መልስ ከፊሉ ዕዳ ነው። ምኑ ይቀነስ፣ ምኑ ይቆይ የሚለውን የወሰኑት ደግሞ ያው ቀድሞ የወሰኑት ናቸው። ሰልፈኛው በዚህ ቦታ ወንበር አልነበረውም።

ወንበሩ ያልነበረው በከፊል በራሱ ምርጫ ነው። መሪ አለመኖሩ ጥንካሬ ነበር። የሚታሰር አለቃ፣ በሹመት የሚገዛ ሊቀመንበር አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ የምክክር መድረክ እናቋቁም ሲሉ ወጣቱ አንፈልግም አለ። ቀድሞ ብዙ መድረክ አይቷል፣ አልፈርድበትም። ግን ባዶ የቀረ ወንበር ባዶ አይቆይም። በጁላይ መጨረሻ ከዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ሰዎች ለካቢኔው ታጩ፣ በኦገስትም ገቡ። ገንዘብ ሚኒስቴሩንም ከእነሱ አንዱ ያዘ። "ሰፊ መሠረት ያለው መንግሥት" ተባለ። አደባባይ የወጣው ወጣት ነው፣ ሹመቱ የደረሰው ለአንጋፋ ፖለቲከኞች ነው። ፓርላማ ውስጥ የነበረው ተቃውሞም አብሮ ለዘበ።

በዲሴምበር 2024 ሌላ የታክስ ማሻሻያ ሕግ ተፈረመ። ቀርቶ ከነበረው ረቂቅ የተወሰኑ ሐሳቦች በሱ በኩል ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ አደባባዩ ጸጥ ያለ ነበር። ረቂቁን የሚፈታ ሰው አልጠፋም፣ ሰው ግን ደክሞ ነበር። ፈርቶም ነበር።

ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የኬንያ ብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ቢያንስ 60 ሰዎች በሰልፎቹ ተገድለዋል ብሏል። በዲሴምበር 2024 መጨረሻ ደግሞ ከጁን ወዲህ 82 ሰዎች ታፍነው መወሰዳቸውን ገለጸ። 29ኙ በዚያን ጊዜ ገና አልተገኙም ነበር። በጁን 2025 አንድ ወጣት መምህር ስለ አንድ የፖሊስ ኃላፊ በኢንተርኔት ጽፈሃል ተብሎ ተይዞ በፖሊስ ጣቢያ ሞተ። ፖሊስ ራሱን ከግድግዳ አጋጭቶ ነው አለ። የአስከሬን ምርመራው ያንን ውድቅ አደረገ። የጁን 25ን መታሰቢያ ለማክበር በወጣው ሰልፍም በ2025 እንደገና ሰዎች ተገደሉ። ስለ ገንዘብ ተጠያቂነት የጠየቀ ትውልድ አሁን ስለ ደም ተጠያቂነት መጠየቅ ግድ ሆነበት። ስለ በጀት ሊውል የሚገባው ጉልበት ሁሉ እስር ቤትና ሬሳ ክፍል በመዞር አለቀ። ከጉዳዩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

ከሰልፈኛው ወገን የነበረ ጥፋትም መነሳት አለበት። በጁን 25 የአንዳንድ የፓርላማ አባላት ንብረትና ንግድ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። የሕዝብ ተወካይን በስልክ መጠየቅ መብት ነው። ሱቁን ማቃጠል ግን አይደለም፣ በዚያ ሱቅ የሚሠራው ሰውም ግብር ከፋይ ነው። ጥፋቱ ነገሩን ሁሉ የወንበዴ ሥራ ለማለት ለሚፈልግ ባለሥልጣን ምቹ ሆነለት።

ሌላ ቦታም የሚሠራው ምንድን ነው?

ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው የጊዜውን ነገር ነው። ስለ ቅድሚያ አሰጣጥ መከራከር የፈለገ ሰው ቅድሚያው በሚወሰንበት ወር መገኘት አለበት። በኬንያ ያ ወር ፌብሩዋሪ ነው። በሌላ አገር ሌላ ነው። በጁን የታየው የንባብ ጉልበት ለፌብሩዋሪው ሰነድ ቢውል ኖሮ፣ የተለማማጅ ሐኪም ደመወዝና የመምህራን ቅጥር ከመንግሥት ቤቶች እድሳት ጋር ጎን ለጎን ይታይ ነበር። ግብር የሚታይ ነገር ስለሆነ ያስቆጣል። ወጪ ደረቅ ሰንጠረዥ ነው። ግን ምርጫው የሚመረጠው እዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

እኛ አገር ማህበራዊ ተጠያቂነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በወረዳ ደረጃ ነዋሪዎች ጤና ጣቢያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የውኃ ቦኖውን ነጥብ እየሰጡ ከኃላፊዎች ጋር የሚነጋገሩበትን አሠራር ነው። ያ ከላይ ተፈቅዶ የሚደረግ ነው። የኬንያው ከታች ተነስቶ ብሔራዊ በጀቱን የጠየቀ ነው። የአንዱ ጉድለት የሌላው ብርታት ነው። በወረዳው መድረክ ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፣ ቀጠሮም ይይዛሉ፤ ትልቁን በጀት ግን አይነኩም። የኬንያ ወጣቶች ትልቁን በጀት ነኩ፤ ቀጠሮ ግን አልያዙም። የበጀት ጥያቄ ያለ ቀጠሮ አይዘልቅም። በዚህ ቀን ይህን ያህል ቀንሳችሁ አሳዩን፣ በዚህ ቀን ተመልሰን እናያለን የሚል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የግድ መሪ መሆን የለበትም። የተላከ፣ የሚተካ፣ ሹመት ላለመቀበል የማለ ተወካይ ይበቃል።

ለመንግሥትም የሚሆን አለ። አስተያየት ሰብስቦ ዝም ማለት አስተያየት ካለመሰብሰብ ይብሳል። በጁላይ 31 ቀን 2024 የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ2023ቱን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ከምክንያቶቹ አንዱ የሕዝብ ተሳትፎው ጉድለት ነበር። በኦክቶበር የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሽሮ ሕጉን አጸናው። ሕጉ ጸና ማለት ግን ቅሬታው ጠፋ ማለት አይደለም። አንድ ኮሚቴ ይህን ሐሳብ ተቀብለናል፣ ይህን ያልተቀበልነው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ ለሕዝቡ በግልጽ ቢመልስ ብዙ ሰው ከአደባባይ ይቀራል።

የመረጃ ጥበቃው አንቀጽ እዚህ ይመጣል። ከ2024ቱ ረቂቅ ጋር የቀረው ሐሳብ በ2025 የፋይናንስ ረቂቅ ውስጥ በሌላ መልክ ተመለሰ። የገቢዎች ባለሥልጣኑ የነጋዴዎችን የደንበኛ መረጃ እንዳይጠይቅ የሚከለክለው ድንጋጌ ይነሳ የሚል ነበር። በሜይ 2025 አንዲት ወጣት የሶፍትዌር ባለሙያ ዜጎች ተቃውሟቸውን በኢሜይል ለፓርላማው ኮሚቴ በቀላሉ የሚልኩበት ገጽ ሠራች። ሕገ መንግሥቱ አድርጉ ያለውን ነው ያደረገችው። ታሰረች፣ ተከሰሰችም። በጁን 20 ፍርድ ቤቱ ክሱ ወንጀል አያሳይም ብሎ ነፃ አወጣት። ኮሚቴውም ያን አንቀጽ ከረቂቁ አወጣው። ሕጉ ጁን 26 ቀን 2025 ሲፈረም አንቀጹ አልነበረበትም።